ከዬና እስከ ቀራንዮ፤ ሌንስና ጠራጊው እጅ

ቀራንዮ ላይ ክረምቱ ይከብዳል። ከሰኔ ጀምሮ ጭቃው መንገዱን ይይዛል፤ ከወጨጫ በኩል የሚመጣው ደመና ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ የጭቃው ግድግዳ ያልበዋል፤ ሣጥን ውስጥ የተረሳ ጫማ ሳይቀር ሻጋታ ያበቅላል። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጠገብ የሚኖሩት አጎቴ ካሜራቸውን ያጡት በእንዲህ ያሉ ክረምቶች ነው። ሌባ አልወሰደባቸውም፤ ወድቆም አልተሰበረም። ካሜራው ዛሬም አለ። የጠፋው ማየቱ ነው።

ካሜራው ዜኒት ይባላል። አጎቴ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄደው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው። የቤተሰባችን ሠርግ፣ ክርስትናና ምረቃ ሁሉ በእርሱ ተነሥቷል። አጎቴም እንደ ዐይናቸው ብሌን ይጠብቁት ነበር። ከነቆዳ ማኅደሩ በጋቢ ጠቅልለው ሣጥን ሥር ያኖሩታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ያወጡትና ሌንሱን እፍ ብለውበት በነጠላቸው ጫፍ እስኪያብረቀርቅ ያሹታል። እኛ ልጆች ዙሪያውን ከበን እናይ ነበር፤ መንካት ግን ክልክል ነው።

በኋላ ፎቶዎቹ ሁሉ ጭጋግ የለበሱ እየመሰሉ ሲያስቸግሩ ካሜራውን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውየው ሌንሱን ፈታና በባትሪ አበራበት። «ና እይ» አለኝ። በውስጠኛው መስታወት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። በፊተኛው መስታወት ላይ ደግሞ በአመድ እንደተፈተገ ትሪ፣ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች ክብ ሠርተው ይታያሉ። ወደ ቤት ተመልሼ «ጋሼ፣ በምን ነበር የሚጠርጉት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ገርሟቸው አዩኝ።

«በነጠላ ነዋ! ያውም በታጠበ ነጠላ። አንድ ቅዳሜ እንኳ አላሳለፍኩም።»

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ ይህን ያህል የሚሣሣለት፣ በመጠበቅም በመጠረግም የሚጎዳ መስታወት ምን ዓይነት ነገር ነው? ከየትስ መጣ?

ዬና በጀርመን አገር ያለች ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ካርል ዛይስ የተባለ መካኒክ በ1846 እ.ኤ.አ. የማይክሮስኮፕ መሥሪያ ሱቁን የከፈተው በዚህች ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ሌንስ የሚሠራው በሙከራ ነበር፤ ባለሙያው ይሞርዳል፣ ያያል፣ እንደገና ይሞርዳል። በ1866 ኤርነስት አቤ የተባለ የፊዚክስ ምሁር አብሮት መሥራት ሲጀምር ግን ሌንስ በሂሳብ ተሰልቶ የሚሠራ ዕቃ ሆነ። በ1884 ደግሞ ኦቶ ሾት ተጨምሮ፣ ለሌንስ ብቻ ተብሎ የሚቀለጥ ልዩ ልዩ መስታወት የሚያመርት ፋብሪካ እዚያው ተቋቋመ። ሦስቱ ሰዎች ባንድነት ለዓለም የሰጡት ዐይን ቀላል አይደለም። ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ አገኘሁ ብሎ ሲያስታውቅ፣ የተመለከተበት መሣሪያ በዛይስ ቤት የተሠራ፣ በዘይት ጠብታ የሚሠራ ሌንስ ነበረው።

የአጎቴም ካሜራ ከዚሁ ዘር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1927 ቪሊ ሜርቴ የተባለው የዛይስ ባለሙያ «ቢዮታር» የተባለውን ሌንስ ነደፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዬና በሶቪየት እጅ ስትወድቅ ከፋብሪካው ብዙ መሣሪያ እየተፈታ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጓዘ፤ ባለሙያዎችም አብረው ተወሰዱ። ከዜኒት ካሜራ ጋር በብዛት ይሸጥ የነበረው «ሄልዮስ 44» የተባለው ሌንስ የዚያ የቢዮታር ልጅ ነው። እንዲህ ሆኖ የዬና ጥበብ በሞስኮ በኩል ዞሮ ቀራንዮ ከአጎቴ ሣጥን ገባ።

በእርግጥ ሌንስ ወደ አገራችን የገባው ከዜኒት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚስዮናዊ፣ በኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰረው፣ በ1859 እ.ኤ.አ. ፎቶግራፍ ማንሻ ይዞ እንደመጣ ይታወቃል። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘልቅ ደግሞ የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶ አንሺዎቹን አስከትሎ ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚቀረጸው በፊልም ሳይሆን በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ይታጠባል፤ ኮሎድዮን የተባለው ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ሳይደርቅም ተነሥቶ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። የእጅ ቅባት ከቀረበት ፈሳሹ አይዝም፤ አቧራ ካረፈበት ነጠብጣብ ሆኖ ለዘለዓለም ይቀራል። ስለዚህ ከፎቶ አንሺው ሥራ ብዙው መስታወት ማጽዳት ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያም በ1905 እ.ኤ.አ. ገደማ ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም የአባታቸውን ሙያ ወርሰው ለተከታዮቹ ነገሥታት ሠሩ። ዛሬ በየመጽሐፉና በየግድግዳው የምናያቸው የቀድሞ መኳንንትና ወይዛዝርት ከእኛ ጋር የሚተያዩት በእነዚያ ጥቂት ሌንሶች በኩል ነው። የአቧራውና የዝናቡ አገር ሌንሶቹን ቢያደበዝዛቸው ኖሮ፣ የደበዘዘው የእኛው ትውስታ በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ የእነዚያ ዘመን ሌንሶች ከአጎቴ ሌንስ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ እርቃናቸውን ነበሩ። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ከመቶ አራት እጅ ያህሉ ይመለሳል። ባለ ስድስት መስታወት ሌንስ ላይ ይህ ተደማምሮ ብዙ ብርሃን ያባክናል፤ ሥዕሉንም ያደበዝዛል። በ1935 በዛይስ ቤት ይሠራ የነበረው ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ስማኩላ ለዚህ መላ አገኘ። መስታወቱን እጅግ ስስ በሆነ ልባስ መሸፈን ነው። አንድ ድርብ ልባስ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ ያህል ቢሆን ነው። ሌንስን ወደ ብርሃን አዘንብለን ስናየው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የሚያንጸባርቀው ይኸው ልባስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ልባሶች በጣት ቢያሿቸው የሚለቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጠንክረዋል፤ ቢሆንም ከአቧራ ጋር ለመታገል የተሠሩ አይደሉም።

አቧራ ስንል ለስላሳ ነገር ይመስለናል። ነገሩ ሌላ ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ከመስታወት ይጠነክራል። ታዲያ ሌንስ ላይ ያረፈውን አቧራ ሳናራግፍ በጨርቅ ስናሸው፣ በአሸዋ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። ጨርቁ ንጹሕ ቢሆንም፣ ነጠላ ቢሆንም፣ ሐር ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ የሚጭረው አቧራው ነው፤ የሚገፋው ደግሞ እጃችን። አጎቴ በየቅዳሜው የበጋውን አቧራ ይዘው የገዛ ዐይናቸውን ሲፍቁ ኖረዋል።

የክረምቱ ጠላት ግን ከውስጥ ነው። ሻጋታ የሚፈልገው እርጥበት፣ ጨለማና የተዘጋ አየር ነው፤ ጥቂት አቧራና የጣት ቅባት ከተገኘ ምግቡም ሞላ። ቆዳ ማኅደር እርጥበት ይመጥጣል፤ ሣጥኑ ጨለማ ነው፤ ጋቢው አየር ይከለክላል። አጎቴ ካሜራውን የጠበቁበት መንገድ ሁሉ ለሻጋታው ማደሪያ ማዘጋጀት ሆኖ ተገኘ። ሻጋታው ሲያድግ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ ልባሱን፣ ቀጥሎም መስታወቱን ይበላል። ቶሎ ከተደረሰበት ሌንሱን ፈትቶ ማጽዳት ይቻላል። መስታወቱን ከነከሰው በኋላ ግን ሻጋታው ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኒው ጊኒ ጫካ የዘመቱ የአውስትራሊያ ወታደሮች የርቀት መነፅሮቻቸውና የመድፍ ማነጣጠሪያዎቻቸው በሻጋታ እየታወሩ ስላስቸገሩ፣ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጉዳዩን እንዲያጠኑ እስከ መጠየቅ ተደርሶ ነበር።

«ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» ይባላል። የሌንስም ነገር እንዲሁ ነው። ቢጠርጉት ይጫራል፤ ቢተዉት ይሻግታል።

የካሜራው ጉዳት ቢበዛ የቤተሰብን አልበም ያደበዝዛል እንበል። እዚያው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግን ሌንስ የሰው ሕይወት የሚይዝበት ቦታ አለ። ዘነበወርቅ ይባላል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ለሰፈሩ ስሙን ሰጠው። በ1965 እ.ኤ.አ. በዚያው ግቢ አለርት ተመሠረተ፤ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ሐኪሞች ስለ ሥጋ ደዌ የሚማሩበት ማዕከል ሆነ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አጠገቡ ቆመ። ተቋሙ የተሰየመው በ1873 የሥጋ ደዌን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ ባየው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው።

የሥጋ ደዌ በአብዛኛው በቆዳና በነርቭ ላይ በሚታየው ምልክት ይለያል፤ ተሕዋሱ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደበዛ የሚነግረው ግን ከቆዳ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው። የሳንባ ነቀርሳም ለረጅም ዘመን በዋናነት ይታወቅ የነበረው አክታን በዚሁ መሣሪያ በመመርመር ነው፤ ዛሬ ሌላ ዘዴ ቢጨመርም ማይክሮስኮፑ ከብዙ ጤና ጣቢያ አልወጣም። መርማሪው አንድ የዘይት ጠብታ ናሙናው ላይ ያደርግና አንድ ሺህ ጊዜ አጉልቶ ያያል። በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ፣ ቀጭን በትር የመሰለ ነገር ይፈልጋል። «የለም» ከማለቱ በፊት ቢያንስ መቶ ቦታ ማየት አለበት።

አሁን ሌንሱ ላይ የትናንቱ ዘይት ደርቆበታል እንበል። ወይም ያለ ዘይት የሚሠራው ሌንስ ሳይታሰብ ዘይት ነክቶታል እንበል፤ ይህ በየላቦራቶሪው ዘወትር የሚያጋጥም ነው። ሰማያዊው ግራጫ ይሆናል፤ ቀዩም ይደበዝዛል። መርማሪው ቸልተኛ ባይሆንም እንኳ መቶውን ቦታ አይቶ «የለም» ብሎ ይጽፋል። ሕመምተኛውም ወረቀቱን ይዞ፣ ተመስገን ብሎ፣ ወደ ልጆቹ ይመለሳል፤ እያሳለም ከእነርሱ ጋር ያድራል። የቆሸሸ ሌንስ ይህን ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ የላቦራቶሪ ሰዎች ከልምድ ያወጡት ሥርዓት አለ። ሥራው ሲያልቅ ዘይቱ ሳይደርቅ በሌንስ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይነካል፤ አይታሽም። የደረቀ ዘይት ካለ ወረቀቱ በአምራቹ የተፈቀደው ማጽጃ ብቻ በጥቂቱ ይርሳል። ዛይሊን የተባለውን ኬሚካል ማብዛት መስታወቶቹን ያያያዘውን ሙጫ ያሟሟል፤ ለመርማሪውም ጤና አይበጅም። በእርጥብ ወራት ደግሞ ማይክሮስኮፑ አነስተኛ አምፖል የሚበራበት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የአምፖሏ ሙቀት እርጥበቱን ታባርራለች። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ነው።

የካሜራውም ሥርዓት ከዚህ አይርቅም። የመጀመሪያው ደንብ አለመንካት ነው፤ ሌንስ ላይ ያረፉ ጥቂት የአቧራ ቅንጣቶች ፎቶው ላይ አይታዩም። አቧራው ከበዛ ሲጨመቅ አየር በሚተፋ ትንሽ የጎማ መንፊያ ይራገፋል፤ በአፍ እፍ ሲባል ምራቅ ይከተላል። የቀረውን ለዚሁ ብቻ የተቀመጠ ለስላሳ ብሩሽ ያነሣዋል። ጨርቅ ወይም ወረቀት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ያውም የጣት አሻራ ካለ ብቻ ነው። የሌንስ ማጽጃው ፈሳሽ ወረቀቱ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይንጠባጠብም፤ በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋልና። ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ ሳይጫኑ፣ በክብ ይዞራል፤ ያገለገለውም ወረቀት ይጣላል። የቤት መስኮት ማጽጃና ሳሙና አይቀርቡትም። ክረምት ሲመጣ ካሜራው ከቆዳ ማኅደሩ ይወጣል፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ እንደሚገኘው ያለ የሲሊካ ጄል ከረጢት አጠገቡ ይደረጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ካሜራውን አውጥቶ መሥራት ነው፤ ብርሃንና አየር የሚያገኝ ሌንስ ቶሎ አይሻግትም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ከዚያ ተነሥተው አልበሙን አመጡ። ገጹን በየዓመቱ ቅደም ተከተል ገለጥን። የእናቴ ሠርግ ላይ የቀሚሷ ጥልፍ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። የታላቅ ወንድሜ ክርስትና ላይ የጠርሙሶቹ ጥርት ማለት ትንሽ ቀንሷል። የታናሽ እኅቴ ምረቃ ላይ ሰዎቹ ሁሉ የዕጣን ጢስ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። ያን ጊዜ አጎቴ ፊልሙን ነበር የሚወቅሱት፤ በኋላም አጣቢውን፤ በመጨረሻ ደግሞ የራሳቸውን ዐይን።

«እንዲያው ብተወው ኖሮ ይሻል ነበር በለኛ» አሉኝ።

«መተው ሳይሆን ጋሼ፣ ቀስ ማለት ነው።»

ለአፍታ ዝም አሉና አልበሙን ዘጉት። ያቺ ዜኒት ዛሬ ከሣጥኑ ወጥታ፣ ያለ ማኅደርና ያለ ጋቢ፣ መስኮቱ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ፎቶ አታነሣም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቴ በአዲሷ የጎማ መንፊያ ሁለት ጊዜ እፍ ያደርጉባታል፤ የነጠላቸውንም ጫፍ ወደ ትከሻቸው መልሰው ይተዋታል።