ካሜራው ከሩቅ ሲቆም

ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም የዘውዱ መንግሥት በወደቀበት ሰሞን በጥቁርና ነጭ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ አቀረበው። ርዝመቱ 150 ደቂቃ ያህል ነው። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ካሜራው ከሩቅ መቆሙ ነው። ገበሬው በሰፊው ማሳ ላይ እንደ ነጥብ አንሶ ይታያል፤ ባለመሬቱ ግን ደጁ ላይ ተቀምጦ ይቈጣጠረዋል። ካሜራው ጠጋ ሲል ደግሞ የገበሬው ፊት መጋረጃውን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ነጥብ መስሎ የታየን ሰው መሆኑ ይሰማናል።

በዱመርሶ ቢሆን ከሩቅ ማንሣት አይሆንም፤ ቡናውና እንሰቱ ሰዉን ሁሉ ይሸፍነዋልና። መሬት ለአራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ በዚህ በጌዴኦ አገር ብዙዎቹ አያቶቻችን ጭሰኞች ነበሩ። የእነርሱን ፊት በቅርብ ያነሣ ፊልም ግን እስከ ዛሬ አላየንም።