የመኮንንነት በር፦ ከሆለታ እስከ ሐረር

ስለ ኢትዮጵያ ሠራዊትና ስለ ፖለቲካ ሲነሣ ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ1966 ዓ.ም ነው። ይህ ጸሐፊ ግን ጥያቄው ቀደም ብሎ፣ ወጣቱ ለዕጩ መኮንንነት ሲያመለክት መነሣት አለበት ብሎ ያምናል። በዚያ በር ማን ገባ? በምን መመዘኛ? ታማኝነቱስ ለማን እንዲሆን ተማረ?

በ1927 ዓ.ም፣ የጣሊያን ወረራ እያንዣበበ ሳለ፣ በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ዕጩዎቹም በአመዛኙ ፈረንሳይኛ ከሚያውቁ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል የተመለመሉ ነበሩ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ለዘመናት የጦር አዝማችነት የሚገኘው በትውልድ፣ በጀብዱ ወይም ለጌታ በማደር ነበር። አሁን ግን ደብተርና እርሳስ የጦር ሹመት መወጣጫ ሆኑ።

ወረራው ሥልጠናውን ከፍጻሜ ሳያደርስ አቋረጠው። ከነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በ1928 ዓ.ም በምዕራብ ኢትዮጵያ የጥቁር አንበሳን ማኅበር ከመሠረቱት ጋር ተሰለፉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለራሳቸው ሕግ ጻፉ፤ የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ፣ አባላትም ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደዱ ደነገጉ። ማኅበሩ በኋላ በራስ እምሩ መሪነት ሲዋጋ ቆይቶ በ1929 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበበ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላም ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተረሸኑ። አገሪቱ ከሰው ቁጥር በላይ ያጣችው ያንን አስተሳሰብ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ወደ መኮንንነት የሚያስገባው በር ከአንድ በላይ ሆነ። ሆለታ እንደገና ተከፍቶ ዝቅ ያለ የትምህርት ደረጃ ያላቸውን፣ ከተራ ወታደርነት ያደጉትንም ጭምር መቀበል ያዘ። በ1950 ዓ.ም ደግሞ በሕንድ መኮንኖች የሚመራው የሐረር የጦር አካዳሚ ተቋቋመ። ወደ ሐረር ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን መጨረስና በምርጫው ማለፍ ያስፈልግ ነበር። ሥልጠናውም ከወታደራዊው ትምህርት ጎን የቀለም ትምህርትን አካቶ ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር። የሁለቱ ምሩቃን በአንድ ማዕረግ፣ በአንድ ጦር ሰፈር ተገናኙ፤ አንዱ በትምህርቱ ሲኮራ ሌላው በልምዱ ይመካ ነበር። በመካከላቸው የተፈጠረው መቃቃር በሠራዊቱ ውስጥ የቆየ ጉዳይ ነበር።

በሰኔ 1966 ዓ.ም ደርግ ሲቋቋም ከሻለቃና ከዚያ በታች ካሉት ማዕረጎች የተውጣጡት አባላት የሁለቱንም በሮች ልጆች ያካተቱ ነበሩ። ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሆለታ ምሩቅ ናቸው። ታዲያ ጥፋቱ የሆለታ ነው ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ሲገደሉ የሐረር ሦስት ዓመትም የሆለታ ልምድም ጋሻ አልሆነም። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች መኮንን ሲያፈሩ የታማኝነቱ ማሰሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ማሰሪያው ሲበጠስ ጠመንጃውን የሚገዛ ሕግ በወታደሩ ልብ ውስጥ አልተገኘም። ጥቁር አንበሶች በጫካ ሆነው የጻፉትን ያህል እንኳ ሰላም የነበረው ሠራዊት አላስተማረም።

የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የሠራዊቱ አባላት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተቱ እንዲሆኑ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ ተግባሩን እንዲያከናውን ይደነግጋል። ቃሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ሥጋ የሚለብሰው በምልመላው ጠረጴዛ ላይ ነው። መመዘኛው ለሁሉም ግልጽ ካልሆነ፣ አመልካቹም ያለፈው በችሎታው ወይስ በዘመዱ መሆኑን ካላወቀ፣ ባለውለታው ያስገባው ሰው እንጂ ሕጉ አይሆንም።

ዛሬ ለመኮንንነት የሚያመለክት ወጣት ለሩጫው፣ ለጤና ምርመራውና ለፈተናው ይዘጋጃል። መልማዮቹም አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነበር፤ አለቃህ ሕግን እንድትጥስ ቢያዝህ ምን ታደርጋለህ? ለዚህ ጥያቄ በበሩ ላይ መልስ ያልጠየቀች አገር መልሱን በኋላ በአደባባይ፣ በደም ታገኘዋለች።