ሞተር ብስክሌትን ለረጅም መንገድ ማሰናዳት

ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተር ያለውን አነስተኛ ሞተር ብስክሌት ርቀትና ጭነት እንዲችል አድርጎ የማዘጋጀት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ከተለመዱት አንዱ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ሥሪት የሆነው ቦክሰር ነው። ከመቀመጫው ኋላ የብረት ፖርቶመጋላ ይገጠማል፤ ጭነት ከኋላ ሲበዛ የፊት ጎማ ቀልሎ መሪው ስለሚዋዥቅ፣ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ በሁለት ጎን ይታሰራል።

የሚኬድበት አካባቢም ይታሰባል፤ ለምሳሌ በምዕራብ ሸዋ ዋናው ፈተና ከፍታው ነው። በአዳ በርጋ ወረዳ፣ እንጭኒን በመሰለ ደጋ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፤ ጉልበቱም ይደክማል። የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በጠባብ መቀየር ይረዳል፤ ነገር ግን ወደ ሙገር ሸለቆ ሲወረድ ያው ማስተካከያ ሞተሩን ሊያግል ይችላል። ለመንገዱ የሚያዘው መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ካቮና የካቴና ማያያዣ ነው።