የከንቱ መሐላ ዋጋ በእንግሊዝ አገር

በአማርኛ መማልና መሳደብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱም የሚጠሩት በአንድ ግሥ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞው ዘመን እንግሊዛውያን ከሁሉ የከፋ ነውር አድርገው የሚቈጥሩት የአምላክን ስም በከንቱ የሚጠራ መሐላ ነበርና። በክርስቶስ ቍስል፣ በደሙ፣ በአጥንቱ መማል ታላቅ ድፍረት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1606 የወጣው የተዋንያን ሕግ፣ በመድረክ ላይ የአምላክን ስም በቀልድ የጠራ ሰው በየጥፋቱ 10 ፓውንድ እንዲከፍል ደነገገ። ግማሹ ለንጉሡ፣ ግማሹም ለከሳሹ ነበር። ሕጉ መድረክን እንጂ ኅትመትን አልነካም፤ በመሆኑም የሼክስፒር «ኦቴሎ» በ1622 ሲታተም «ዛውንድስ» የሚለውን መሐላ እንደ ያዘ ወጣ። ይህ ቃል «በአምላክ ቍስል» የሚለው አጥሮ የተሠራ ነው። በ1623 በታተመው የድርሰቶቹ ጥራዝ ግን ከዚሁ ተውኔት ተወግዷል።

የ1745ቱ የከንቱ መሐላ ሕግ ደግሞ ከመድረክ አልፎ ወደ መንገድ ወጣ። ቅጣቱም እንደ ሰው ማዕርግ የተመደበ ነበር፤ የቀን ሠራተኛ፣ ተራ ወታደርና መርከበኛ 1 ሽልንግ፣ ከመኳንንት በታች ያለ ሌላ ሰው 2 ሽልንግ፣ ባለማዕርግ 5 ሽልንግ ይከፍላል። ጥፋቱ ሲደገም ዕጥፍ፣ ከዚያም ሲያልፍ ሦስት ዕጥፍ ይሆናል። መክፈል ያልቻለ ወታደር እግሩን በግንድ ተጠርቆ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ ሌላው ለ10 ቀን ወደ ማረሚያ ቤት ይላካል። ሕጉ በዓመት አራት ጊዜ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብም ታዝዞ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ሕጉ ለድኻ ያዘነ ይመስላል፤ ነገር ግን ለቀን ሠራተኛ 1 ሽልንግ የውሎውን ደመወዝ ያህል ሊሆን ሲችል፣ ለመኰንኑ 5 ሽልንግ ምኑም አልነበረም።

ሕዝቡ በበኩሉ ከቅጣት ይልቅ ነውሩን ለመሸሽ ቃሉን ማጣመም ለመደ። የአምላክን ስም የሚጠራው ቃል ተለውጦ፣ ለአማርኛ ጆሮ ምስጋና የሚመስለው «ጎሽ» ሆነ፤ ርግማኑ «ዳም»ም «ዳርን» ተባለ። እንዲህ ያሉት ቃላት ውለው አድረው ትርጕማቸው ተረሳ፤ የመገረምና የመበሳጨት ማሰሚያ፣ እንዲያም ሲል የአፍ ልማድ ብቻ ሆኑ።

«ብለዲ» የሚለው ቃል ጕዳይ ከዚህ ይለያል። በጥሬው «ደማም» ማለት ነው፤ «በእመቤታችን» ከሚለው መሐላ መጣ የሚሉ ቢኖሩም ማስረጃ የለውም። ቃሉ ለንግግር ክብደት ከመጨመር በቀር የሚለው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ጨዋ ቤት የማይገባ ነውር ሆኖ ቆየ። በሚያዝያ 1914 የበርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» በለንደን ሲታይ፣ ሚስስ ፓትሪክ ካምቤል ይህንኑ ቃል በመድረክ ላይ ተናገሩት። ተመልካቹ ሳቁን መግታት አቅቶት ትርኢቱ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። የአምላክ ስም የሌለበት በመሆኑ የ1745ቱ ሕግ አይደርስበትም ነበር። ሕጉ ራሱ በዚያን ጊዜ ገና የጸና ሲሆን፣ የተሻረው በ1967 በወጣው የወንጀል ሕግ ነው።