ውሃ የተኛበት መሬት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወረታን ታገኛላችሁ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ወሩ መስከረም ከሆነ በግራም በቀኝም ዓይናችሁ እስኪደክም የምታዩት አረንጓዴ ሩዝ ነው። አንዴ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው "ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ያምራል!" ሲል ሰምቼ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው አይፈረድበትም። አያቴ ልጅ ሳለች አንድ ሰው መጥቶ "ይሄ ሜዳ ሩዝ ያበቅላል" ቢላት እሷም እንደዚያው ትስቅ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለ ጌም ነው። አምስት ለአምስት ሆነው አንድ ሜዳ ላይ ስለሚፋለሙባቸው ጌሞች፦ ስለ ዶታ፣ ስለ ሊግ ኦቭ ሌጀንድስ፣ ስለ ሞባይል ሌጀንድስ። በየጊዜው አንድ አዲስ ይመጣና "ነባሮቹ አለቀላቸው" ይባላል፤ ከዚያ ራሱ ያልቃል። ጥቂቶች ደግሞ ይተርፋሉ። የተረፉት ለምን እንደተረፉ ሳሰላስል ሁሌ የሚመጣብኝ የፎገራ ሩዝ ነው። ታገሡኝ፣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

መነሻው እ.ኤ.አ. 1998 ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስታርክራፍትን ሲያወጣ፣ ተጫዋቹ የራሱን ካርታ የሚሠራበት መሣሪያም አብሮ ሰጠ። ከተሠሩት ካርታዎች አንዱ ኤዮን ኦቭ ስትራይፍ ይባል ነበር። ሠራዊት ሙሉ ማዘዝ ቀርቶ አንድ ጀግና ብቻ ይዘህ ትዋጋለህ። በ2003 ዩል በሚል ስም የሚታወቅ ተጫዋች ይህንን ሐሳብ ወደ ዋርክራፍት 3 አመጣውና ዶታ ተወለደ። ሦስት መንገድ፣ በየመንገዱ ምሽግ፣ በሁለቱ ጫፍ የሁለቱ ቡድን ሰፈር። ከእሱ በኋላ ጉዊንሱ የሚባል፣ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ አይስፍሮግ የሚባል ተጫዋች ተረክበው አሳደጉት። ለዚህ ሥራ ደሞዝ የሚከፍላቸው ኩባንያ አልነበረም። ዛሬ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠረው ይሄ ሁሉ ንግድ የተወለደው ከተጫዋቾች ትርፍ ሰዓት ነው።

እኔ ዶታን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ነበረን ለማለት ይከብዳል። ግን አንድ ስዊች፣ የተቀጣጠለ ኬብል፣ በፍላሽ ከብሎክ ብሎክ የሚዞር ዋርክራፍት ነበረን። ኬብል ያልደረሰው ላፕቶፑን ይዞ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። በማግስቱ ፈተና ያለበት ልጅ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ "ምሽጉን ትተህ የት ትሄዳለህ አንተ!" እያለ ይጮሃል። የተሰደበው ልጅ ከፊቱ ስለተቀመጠ መልሱን ለማግኘት ብዙም አይቆይም። አምስት ሰው ለመሙላት ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ስንት አለ መሰላችሁ! ይሄን "አምስት ሰው መሙላት" የሚለውን ነገር ያዙት።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2009 ጉዊንሱ የገባበት ራዮት ጌምስ ሊግ ኦቭ ሌጀንድስን አወጣ። በነፃ። በ2010 ኤስ2 ጌምስ ሂሮስ ኦቭ ኒወርዝን አመጣ፤ ብዙ ሰው ከሊግ ይልቅ ለዶታ የሚቀርበው እሱ ነው ይላል፣ እኔም እስማማለሁ። ግን መጀመሪያ በገንዘብ ነበር የሚሸጠው። ከዓመት በላይ ቆይቶ በነፃ ሲለቀቅ ልጆቹ ቀድመው ሊግ ላይ ሰፍረዋል፤ ጌሙ እየከሳ ቆይቶ በ2022 ተዘጋ። ቫልቭ ደግሞ አይስፍሮግን ቀጥሮ ዶታ 2ን ሠራ። በ2011 ገና ጌሙ ለሕዝብ ሳይወጣ የ1.6 ሚሊዮን ዶላር ውድድር አዘጋጀ፤ 1 ሚሊዮኑን የዩክሬኑ ናቪ ቡድን ወሰደ። በ2013 ጌሙ በይፋ ሲወጣ ቫልቭ አዲስ ሰው መፈለግ አላስፈለገውም፤ ድሮ ዶታ ይጫወት የነበረው ሁሉ ቤቱ እንደታደሰለት ሰው ገባ። ራዮት በ2014 መጀመሪያ በወር 67 ሚሊዮን ሰው ሊግን እንደሚጫወት አስታወቀ።

እዚህ ላይ የሌሎቹ ዓይን ቀላ። ኢኤ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ዶውንጌትን ጀመረ፤ ገና ሙከራ ላይ እያለ በኅዳር 2014 መሰረዙን ተናገረ። ባትማንንና ሱፐርማንን ያሰለፈው ኢንፊኒት ክራይሲስ መጋቢት 2015 በይፋ ወጣ፣ ነሐሴ ላይ ተዘጋ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ! ባትማንም አላዳነው። የኤፒክ ፓራጎን በምስል ጥራት የሚወዳደረው አልነበረም፤ ግን የዚያው ኩባንያ ፎርትናይት ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ፓራጎን በ2018 ተዘጋ፣ ተጫዋቾችም ገንዘባቸው ተመለሰላቸው።

የሚያሳዝነኝ ግን የብሊዛርድ ነው። ሜዳው የበቀለው በእሱ ጌሞች ላይ ነበር፤ አዝመራውን ሌላ ሰበሰበው። በሰኔ 2015 ሂሮስ ኦቭ ዘ ስቶርምን ይዞ ሲመጣ ብዙ ነገር አስተካክሎ ነበር። ጨዋታው ያጥራል። እቃ መግዛት የለም። ቡድኑ አንድ ላይ ያድጋል፤ ስለዚህ ደካማው ልጅ ብቻውን ወደ ኋላ አይቀርም። ካርታውም አንድ ዓይነት አይደለም። ተጫውቼዋለሁ፣ ጥሩ ጌም ነበር። በታኅሣሥ 2018 ብሊዛርድ ባለሙያዎቹን ወደ ሌላ ሥራ እንደሚያዛውርና ሙያዊ ውድድሩም እንደማይቀጥል ባንድ ማስታወቂያ ተናገረ። በዚያ ውድድር እንጀራቸውን የሚበሉ ወጣቶች ዜናውን የሰሙት ከሌላው ሕዝብ ጋር እኩል ነበር።

ለምን ወደቁ? ሊግን ወይ ዶታን የሚጫወት ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ከመቶ በላይ ጀግና አለ፤ የእያንዳንዱ ጉልበት፣ ድካም፣ የእቃ ዋጋ። ይህን ለመሰብሰብ ዓመታት ፈጅቶበታል። አዲሱ ጌም ያንን ሁሉ ጣልና እንደገና አንደኛ ክፍል ግባ ይለዋል። ይሁን፣ እሱ እሺ አለ እንበል። አራቱን ጓደኞቹንስ ማን ያሳምናቸዋል? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ብሊዛርድ የተሻለ ጌም ሊሠራ ይችላል፤ ጓደኞችህን ግን ሊሠራልህ አይችልም።

አሁን ወደ ሩዙ።

የፎገራ ሜዳ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ታሪኩ አይገባውም። አፈሩ ዋልካ ነው፣ ውሃ ይይዛል። ጉማራና ርብ ከደጋው ወርደው ሜዳው ላይ ይፈስሳሉ፤ ጣና ሲሞላ ደግሞ የሚቀበላቸው ያጣሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የጎርፉ ነገር ስንቱን ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀለ የሚያስታውስ ያስታውሳል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ጤፍ ይቆማል? አይቆምም። ስለዚህ የሜዳው ገበሬ ውሃው እስኪሸሽ ይጠብቅና በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ክረምቱን ሜዳው የሣር ነው፣ የከብት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፎገራና በጋምቤላ ረግረግ ውስጥ የዱር ሩዝ መብቀሉ ሰዎችን አሳሰባቸው። ዱሩ ከበቀለ የእርሻውስ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በደርግ ጊዜ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተዘራ። ለረጅም ዘመን ሜዳውን የያዘው ዝርያ እስከዛሬ ኤክስ ጅግና ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ደርግ ወደቀ፣ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ገበሬው በግሉ ይዞት እየሰፋ ሄደ። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሰሞን መንግሥት "የሚሊኒየም ሰብል" አለው። አሁን ወረታ ውስጥ በየመንገዱ ዳር የሩዝ መፈልፈያ ታያላችሁ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚያው ነው።

ሩዝ ጤፍን ገጥሞ አላሸነፈም። ደጋው ላይ ወጥቶ "ከእኔና ከአንተ ማን ይሻላል" ቢል ኖሮ የዶውንጌት ዕጣ ይደርሰው ነበር። የገባው ጤፍ እግሩን ከማያስገባበት ውሃ ውስጥ ነው። ሩዙ ሲታጨድ ጓያው በቀረው እርጥበት እንደድሮው ይዘራል። ከዚያም ሩዙ ዱቄት ሆኖ ከጤፍ ጋር ተቀላቀለና እንጀራው ውስጥ ገባ። ጠላም ሆነ፣ አረቄም ሆነ። ሰው የለመደውን እንዲተው ማንም አልጠየቀውም።

ለጌሙ ዓለም ውሃ የተኛበት መሬት ስልክ ነበር። ሊግም ዶታም በኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ስልኩን ንቀውት ነበር። ቀድመው ከገቡት አንዱ ቬይንግሎሪ ነው፤ መስከረም 2014 አፕል አይፎን 6ን ሲያስተዋውቅ መድረክ ላይ ወጥቶ ታየ። በጣም ያምራል። ግን የጀመረው በአይፎን ነው፤ አይፎን የያዘ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተርም አለው። በ2015 ቴንሰንት ለቻይና ገበያ ኦነር ኦቭ ኪንግስን አወጣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በቀን 100 ሚሊዮን ሰው የሚጫወተው ሆነ። በ2016 ደግሞ የሻንጋዩ ሙንቶን ሞባይል ሌጀንድስን ለደቡብ ምሥራቅ እስያ አቀረበ።

ሞባይል ሌጀንድስ ሲወጣ ያየ የሊግ ተጫዋች ሁሉ "ይሄማ ስርቆት ነው" ነበር ያለው። ራዮትም በ2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እዚህ የሚታይ አይደለም ብሎ መለሰው። ቴንሰንት በበኩሉ የሙንቶንን ሥራ አስኪያጅ ቻይና ውስጥ ከስሶ በ2018 19.4 ሚሊዮን ዩዋን አስፈረደበት። መመሳሰሉን አልክድም። ግን ራዮት ያልሠራውን አንድ ነገር ሠርተዋል፦ ጌሙ ርካሽ ስልክ ላይ ይከፍታል። ግጥሚያው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። መስመር ሲቋረጥብህ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጀግናህን ተረክቦ እስክትመለስ ይዋጋልሃል። ይህን ሐሳብ ያመጣው ሰው መስመር የሚቋረጥበት አገር ውስጥ ያለውን ተጫዋች አስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም። በ2019 ፊሊፒንስ ላይ በተካሄደው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ሞባይል ሌጀንድስ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ውድድር ሆነ። ራዮት የስልክ ሊጉን ዋይልድ ሪፍትን መልቀቅ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2020 ነው። ሰኔ 2024 ደግሞ ኦነር ኦቭ ኪንግስ ከቻይና ወጥቶ ለዓለም ተለቀቀ። አሁን ነባሩ ሞባይል ሌጀንድስ፣ አዲስ ገቢው እሱ ነው። ገንዘብ ሞልቶታል። ግን የሚመጣው ሌላው ወደሰፈረበት ማሳ ስለሆነ እኔ ብዙ አልወራረድለትም።

ወረታ ላይ እኛ ልጆች ሳለን ጌም ማለት ጌም ቤት ነበር። ሦስት አሮጌ ቲቪ፣ ፕሌይ ስቴሽን፣ ላብ የጠገበ ጆይስቲክ፣ በግጥሚያ የሚከፈል ሳንቲም። የተሸነፈ ይነሳል። ቤቱ ውስጥ ካለው ሰው አብዛኛው የማይጫወት ነው፤ ገንዘብ የለውም፣ ግን ለሚጫወተው ምክር ይሰጣል። ስልኩ ሲመጣ ያንን ቤት ማንም አልዘጋውም። ሰው ብቻ ቀረ። ባለቤቱ ሁለቱን ቲቪ ሸጦ ቦታውን የስልክ እቃ መሸጫ አደረገው፤ ሦስተኛውን ለምን እንዳስቀረው እሱም አያውቅም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ፣ ያቺ አንዷ ቲቪ እንደገና ተከፈተች። ታናሽ ወንድሜ ሰልፍ ይዞ የተጫወተው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው። የተሸነፈ ይነሳል የሚለውን ሕግ ሲሰማ በጣም ተናደደ።

ሩዙም የጎዳው ጤፍን አይደለም፤ የጎዳው ላሟን ነው። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የታወቀ፣ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች፣ ረግረጉን የለመደች ዝርያ ናት። የክረምት ሣሯ የነበረው ሜዳ ማሳ ሆነ። ዝርያዋ ከሌላው ጋር እየተቀላቀለ፣ ንጹሕዋ እየተመናመነች ሄደች። አባቴ ከብት ይጠብቅበት የነበረውን ቦታ አሳይቶኛል፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሩዝ ነበር። ላማችን ያን ጊዜ ቤት ታስራ የሩዝ ገለባ ትበላ ነበር። "ሩዙ ባይኖር አንተም አትማርም ነበር" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሜዳውን ሲያይ ቆየ።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ አገር ቤት ሄጄ ነበር። ማታ ወንድሜ ጓዳ ጋደም ብሎ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሞባይል ሌጀንድስ ይጫወታል። አምስቱም የሰፈር ልጆች ናቸው፣ እያንዳንዱ በየቤቱ። አንደኛው ጎረቤታችን ነው፣ በመሃላችን ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ልጁ "ተመለስ! ተመለስ!" ብሎ ሲጮህ ድምፁ መጀመሪያ በአጥሩ በኩል ይደርሳል። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ፣ ሰርቨሩን ዞሮ፣ ቆየት ብሎ በወንድሜ ማዳመጫ ይደገማል። ወንድሜ የሚመለሰው ሁለተኛውን ሲሰማ ነው።