ሦስተኛው ሞኒተር ለምን ጨለመ? የተቀጣጠሉ መስመሮች አጭር ታሪክ

አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት ሞኒተር። ከኮምፒውተሩ የወጣው ገመድ መጀመሪያው ሞኒተር ውስጥ ይገባል፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይቀጥላል። ሁለቱ ይበራሉ፤ ሦስተኛው «ሲግናል የለም» ብሎ ይጨልማል። ባለቤቱ ገመዱን ነቅሎ ይሰካል፣ አዲስ ገመድ ይገዛል፣ በመጨረሻም ሞኒተሩን ተበላሽቷል ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸ ዕቃ የለም። ታዲያ ችግሩ ከየት መጣ? ይህን ለመረዳት 40 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃዎችን አንዱን ከሌላው አስከትሎ ማቀጣጠል የቆየ ዘዴ ነው። ፈረንጆቹ «ዴዚ ቼይን» ይሉታል፤ ልጆች የሜዳ አበባ እያያያዙ ከሚሠሩት ጌጥ የተወሰደ ስም ነው። በ1986 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ስካዚ የሚባለው መስመር እስከ 7 የሚደርሱ ዕቃዎችን፣ ለምሳሌ ሃርድ ዲስክና ስካነር፣ በአንድ መስመር ከኮምፒውተር ጋር ያገናኝ ነበር። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር ይኑረው። ሁለተኛ፣ የመስመሩ ሁለት ጫፎች ተርሚኔተር በሚባል መዝጊያ ይዘጉ። ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ከያዙ ወይም መዝጊያው ከተረሳ መስመሩ በሙሉ ይታወካል።

በዚያው ዘመን የቢሮ ኮምፒውተሮችን ያገናኝ የነበረው ቀጭን የኢተርኔት ገመድም እንዲሁ ነበር። እስከ 185 ሜትር የሚረዝም አንድ መስመር ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ እዚህ ግን አንዱ ድር ሲበጠስ ሁሉም ይፈታል። አንድ ሠራተኛ ወንበሩን ሲገፋ ገመዱን ካላቀቀው መስመሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ይፈታል። ቢሮዎች በኋላ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ገመድ ከመሐል ሳጥን ጋር ወደሚገናኝበት ዘዴ ዞሩ። ገመዱ በዛ፤ የአንዱ ጥፋት የሁሉም ዕዳ መሆኑ ግን ቀረ።

ያም ሆኖ የእነዚያ መስመሮች ብልሽት በእጅ ይያዝ ነበር። ቴክኒሻኑ መስመሩን ከመሐል ከፍሎ መዝጊያውን እዚያ ይሰካል። የመጀመሪያው ግማሽ ከሠራ ጥፋቱ በቀሪው ግማሽ ነው። እንዲህ እያለ ወደ ተበላሸው ቦታ ይደርሳል።

ሞኒተር ለረጅም ጊዜ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነበር። አይቢኤም በ1987 ያወጣው ባለ 15 እግሩ ቪጂኤ አንድ መሰኪያ፣ አንድ ምስል ነበር። በ1999 የመጣው ዲቪአይም፣ በ2002 የወጣው ኤችዲኤምአይም ይህን አልቀየሩም። ሁለት ሞኒተር የፈለገ ሰው ሁለት መሰኪያ ያስፈልገው ነበር።

ለውጡ የመጣው በዲስፕሌይፖርት ነው። ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ይህን ደረጃ በ2006 አወጣ፤ በ2010 መጀመሪያ ለሕዝብ ይፋ በሆነው 1.2 እትም ደግሞ ኤምኤስቲ የሚባል ነገር ጨመረበት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሁሉም ሞኒተር ምስል በአንድ ገመድ ይላካል፣ ለእያንዳንዱም ተራ ይመደብለታል፤ የመጀመሪያው የራሱን ወስዶ የቀረውን ያሳልፋል። በወረቀት ላይ በአንድ ገመድ እስከ 63 ምስል ይሄዳል።

መንገዱ ግን ወርድ አለው። የ1.2 እትም አቅም በሰከንድ 17.28 ጊጋቢት ነው። ተራ የኤችዲ ሞኒተር በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ 3.2 ያህሉን ይወስዳል፤ ስለዚህ አራት ይገባሉ። አንድ የ4ኬ ሞኒተር ግን ብቻውን 12.5 ገደማ ይበላል፤ ሁለተኛ 4ኬ አይገባም። በ2014 የወጣው 1.3 እትም አቅሙን ወደ 25.92 አሳደገው። የጨለመው ሦስተኛ ሞኒተር የሁሉም ጥራት ሲቀነስ ከበራ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መንገዱ ሞልቷል።

ሁለተኛው ምክንያት የተዘጋ በር ነው። ብዙ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ኤምኤስቲ በሜኑአቸው ውስጥ ጠፍቶ ነው የሚመጡት። ማብራት የባለቤቱ ሥራ ነው። በኤችዲኤምአይ የገባ ምስል ደግሞ በዚህ መንገድ ወደ ቀጣዩ ሞኒተር አያልፍም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይለያል፤ ውሳኔ ነው። የአፕል ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ማክ ኦኤስ በኤምኤስቲ ለተቀጣጠሉ ሞኒተሮች የተለያየ ምስል አይሰጥም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደግማል። ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር ይሸጡ የነበሩት የማክ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ሲጫንባቸው ግን በዚያው መሰኪያ፣ በዚያው ገመድ ሁለት የተለያየ ምስል ማውጣት ይችሉ ነበር። የሚገርመው፣ አፕል ራሱ የፈጠረው ትንሹ የዲስፕሌይፖርት መሰኪያ በይፋ ወደ ደረጃው የገባው ኤምኤስቲን ባመጣው በዚያው በ1.2 እትም ነው። ኩባንያው በ2011 ከኢንቴል ጋር ተንደርቦልትን ይዞ መጣ፤ እስከ 6 ዕቃ የሚያቀጣጥል ሌላ መስመር መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በ999 ዶላር ያቀረበው ሞኒተር ደግሞ ተንደርቦልት ከሌለው ኮምፒውተር ጋር አይሠራም ነበር።

ተንደርቦልት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ፈጣን ነው፣ ከምስል ሌላ ዳታም ይሸከማል። ኩባንያም የመሰለውን የመምረጥ መብት አለው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የውሳኔውን ዋጋ ማን ይከፍላል? የጋራ ደረጃ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ካርቶኑ ላይ «ዲስፕሌይፖርት 1.2» የሚለው ጽሑፍ ኤምኤስቲ አለ ማለት አይደለም። ክፍተቱ የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ብልሽት የሚፈልገውም ገዢው ነው።

ስለዚህ ፍለጋው ከጨለመው ሞኒተር አይጀምርም፤ ከኮምፒውተሩ ይጀምራል። የኮምፒውተሩ ሶፍትዌርና የግራፊክስ ካርዱ ኤምኤስቲን ይፈቅዳሉ ወይ? ከዚያ የመጀመሪያው ገመድ፤ የሁሉንም ጭነት የሚሸከመው እሱ ነውና። ቀጥሎ በመጀመሪያውና በመካከለኛው ሞኒተር ሜኑ ውስጥ ኤምኤስቲ በርቷል ወይ? መውጫ መሰኪያስ አላቸው? የመጨረሻው መውጫ አያስፈልገውም። ከዚያ ሞኒተሮቹን አንድ በአንድ እየጨመሩ የትኛው ላይ እንደሚቆም ማየት ነው። ቴክኒሻኑ በድሮው ገመድ ላይ ያደርገው የነበረው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። ድሮ «የቱ ተበላሸ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ዛሬ ከዚያ በፊት «ማን ከለከለ?» መባል አለበት፤ ይህም ጥያቄ ሂሳብ ከመከፈሉ በፊት ለሻጩ ቢቀርብ ይሻላል።