ዓለም መጀመሪያ አላትን?

ከጠዳ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ እንፍራንዝን ያልፋሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ በዚያ እንደ ኖረ በስሙ የሚጠራው «ሐተታ» ይተርካል፤ የመጽሐፉ ደራሲ ማንነት ግን ምሁራንን ያከራክራል። ፈላስፋው ቀደም ሲል በዋሻ ተሸሽጎ ሳለ ማን እንደ ፈጠረው ጠየቀ። ከወላጅ ወደ ወላጅ ወደ ኋላ ቢቈጥር፣ የመጀመሪያዎቹን ያስገኘ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ሊኖር ግድ ነው ሲል ደመደመ።

ፊዚክስም ወደ ኋላ ይቈጥራል። ቤልጅየማዊው ካህንና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር በ1927 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን አስረዳ፤ ዕድሜውም ዛሬ ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ይገመታል። ለሜትር ግን ይህን ንድፈ ሐሳብ ከሃይማኖት ጥያቄ ለይቶ ያዘ። ሳይንስ ያለው ነገር እንዴት እንደ ተለወጠ ይለካል፤ ስለ ምን አንዳች ነገር እንዳለ ግን በመለኪያ አይደረስበትም።

እንግዲህ ልጅዎ ስለ ቢግ ባንግ ሲጠይቅዎ «ዝም በል» አይበሉት። ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተው አብረውት ያስቡ።